ብቻዋን እንዳትሰማ

ወንድሜ የሞተው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ፍሬን እምቢ አለው። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነበር። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀበርነው። ይህን ያህሉን መጻፍ አያቅተኝም። የሚያስቸግረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ምክንያቱም መርዶው ሁለት አገር መሄድ ነበረበት።

አራት ልጆች ነን። ነበርን ማለት አለብኝ፣ ግን እስካሁን አፌ አልለመደውም። ትልቋ እህቴ ጀርመን አገር አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። ከእሷ የሚቀጥለው ወንድሜ ካናዳ ነው፣ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ። ሦስተኛው፣ የሞተው፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ሠራተኛ ነበር። እኔ የመጨረሻው ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ወንድሜ ኮምቦልቻ ተከራይቶ ወደሚኖርበት ክፍል ወሰደኝና የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ሥራ አስገባኝ። አባታችን የሞተው እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው። እናታችን ደሴ ናት፣ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር።

እሑድ እሑድ ወደ ደሴ እንወጣና እናታችን ጋ ቁጭ ብለን ከሁለቱ ጋር በቪዲዮ እናወራ ነበር። ስልኩን ስኳር መያዣው ላይ ደገፍ አድርጎ የሚያቆመው ሟቹ ወንድሜ ነው። እኔን ወደ ውጭ ለመላክ ሁለቱ ይከራከሩ ስለነበር ወሬው ሁልጊዜ የትኛው አገር ይሻላል ወደሚለው ይሄዳል። ሟቹ ራሱ መሄድ አይፈልግም፤ ለእኔ ብሎ ነው የሚጠይቃቸው። ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል።

«እዚህ ሰው ሁሉ እንዴት ነህ ይልሃል» ይላል የካናዳው። «መልሱን ሳትጨርስ ግን አልፎህ ሄዷል።»

«እዚህ እንዴት ነሽ የሚለኝ የለም» ትላለች እህቴ። «ካለኝ ግን ቆሞ ይሰማኛል። ባለፈው ደህና ነኝ ብዬ ላልፍ ስል አብራኝ የምትሠራው ሴት፣ አይደለሽም፣ ፊትሽ ገርጥቷል፣ ብላ ያዘችኝ።»

«በቃ ጀርመን ይሂድ» ይላል ሟቹ። «የእሱ ፊት እንደሆነ ሁሌም እንደገረጣ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሰሙት ይውላሉ።»

አንድ ቀን ስለ መርገጥ አወሩ። ካናዳ ውስጥ አውቶቡስ ላይ የሰው እግር ብትረግጥ ይቅርታ የሚልህ የተረገጠው ሰውዬ ነው አለ የካናዳው። እህቴ ሳቀች። «እዚህ ብትረግጠው፣ ረገጥከኝ ይልሃል። ይቅርታ ትለዋለህ። ያልቃል።»

«ደሴስ?» አለ ሟቹ።

«ደሴማ ዐይንህ ታውሯል ወይ ይልሃል» አለ የካናዳው። «ከዚያ ትንሽ ስትጨቃጨቁ የእማዬ ዘመድ ሆኖ ይገኛል።»

ግብዣም እንደዚሁ ነው። ካናዳ ውስጥ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ «አንድ ቀን ተገናኝተን ሻይ እንጠጣለን» ይላል፤ ቀኑን ግን የሚነግርህ የለም። ወንድሜ መጀመሪያ የሄደ ጊዜ እውነት መስሎት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱን ጠርጎ ይጠብቅ ነበር። ጀርመኖች እንዲህ በቀላሉ አይጋብዙም። ከጋበዙ ግን ከሳምንታት በፊት ቀኑን ይነግሩሃል፣ ሰዓቱንም ጭምር፣ አምስት ደቂቃ ብታረፍድ በር ላይ ቆመው ታገኛቸዋለህ። እህቴ ይህን መውደድ ጀምራ ነበር። ቢያንስ ውሸት የለበትም ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ውሸትም ቢሆን ፈገግታ ይሻለኛል፣ ክረምቱ ረጅም ነው ይላል።

እናታችን ይህን ሁሉ ስትሰማ ትቆይና «ታዲያ ሲያማችሁ ማን ይገባል?» ትላለች።

እኔ ያኔ ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ። ሁለቱን አገሮች እንደማውቃቸው ይሰማኝ ነበር።

ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የቅሬው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ቅሬ የምንለው ሰው ሲሞት የሚቆፍረው፣ የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ የሚያስተዛዝነው የሰፈር ማኅበር ነው። መርዶም የቅሬው ሥራ ነው። እኛ ጋ ሞት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሩ ላይ ይደርሳሉ። ገና ስታያቸው ጉልበትህ ይከዳሃል፤ ያኔ የሚይዝህ ሰው አለ። የመምጣታቸው ምክንያት እሱ ነው። ወሬውን ለማድረስማ አንድ ሰው ይበቃል።

አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የቅሬው ዳኛ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ለወጣቶቹ ማንም ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይለጥፍ ማስጠንቀቅ ነበር። አንድ የአክስቴ ልጅ የወንድሜን ፎቶ ለጥፎ ነበር፤ ቆሞ አስጠፋው። ቀጥሎ እናቴ ጠራችኝ። ሴቶቹ መሐል ፍራሽ ላይ ነበረች። ድምጿ ተዘግቷል።

«እሱስ ሰው አለው» አለችኝ። የካናዳውን ማለቷ ነው። «እሷ ግን ብቻዋን እንዳትሰማ። እዚያ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ከሰማች እሷንም ቀበርኳት ማለት ነው። ሰማህ?»

ሰማሁ አልኳት።

ሽማግሌዎቹ ስለ ሁለቱ አገር ጠየቁኝ። ስልክ የምነካካ እኔ ስለሆንኩ የማውቅ መስሏቸዋል። አጎቴ፣ «እዚያ ቅሬ አለ?» አለኝ። ካናዳ ወንድሜ ያለበት ከተማ ብዙ ሐበሻ አለ፣ መስጊድ አለ፣ ሰው ሲሞት ይሰባሰባሉ አልኩ። «ጀርመንስ?» ትንሽ ከተማ ናት፣ ሐበሻ የለባትም አልኩ። «ጎረቤትስ?» አለ አንዱ። ጎረቤትማ አለ፣ ግን በደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል በቀር አይገባቡም ብዬ እህቴ የነገረችንን ነገርኳቸው። ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ታዲያ ማን ይቀብራቸዋል?» አለ።

ካናዳ ቀላል ሆነ። ከቢስቲማ የሄደ ሰው እዚያው ከተማ አለ፤ ዘመዶቹ ደሴ ለለቅሶ መጥተው ስለነበር ወዲያው ተገኘ። ሁለት ሰው ጨምሮ ቅዳሜ በማለዳ ሊሄድ ተስማማ። ለእህቴ ደግሞ ከኮምቦልቻ አለፍ ብላ ካለችው ከደጋን የአንድ ሰው ልጅ ተገኘ፤ እሷ ካለችበት በባቡር ብዙ ሰዓት የሚርቅ ከተማ ይኖራል። ቅዳሜ ሥራ ስላለው እሑድ ጧት እደርሳለሁ አለ። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ግን አልደውልላትም?» አለኝ። «እዚህ ሳይደውሉ ሰው ቤት አይኬድም።»

«ከደወልክማ ታውቃለች።»

«ካልደወልኩ ደግሞ ላትከፍት ትችላለች። እኔ ራሴ ሳልጠብቅ በሬ ቢንኳኳ አልከፍትም።»

አጎቴ ስልኩን ተቀበለኝ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለው። ልጁ ነገረው። «አባትህን አውቀዋለሁ። በሩ ተዘግቶ አይቼ አላውቅም» አለው። ልጁ ሳቀ መሰለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ያፈረ መሰለኝ። «እሺ አባባ፣ ሳልደውል እሄዳለሁ» አለ።

እንዲህ ነበር ያሰብነው። ስህተቱን ማናችንም አላየነውም። ሽማግሌዎቹ ያሰቡት የመርዶ ነጋሪዎቹ መንገድ እንዲመቻች ነው። ደሴና ደጋን ቢሆን ኖሮ አንዱ ቅዳሜ፣ አንዱ እሑድ መሆኑ ምንም አያመጣም። ሁለቱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እርስ በርስ ይደዋወላሉ። ያንን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም በዚያ ሰዓት ጭንቅላቴ አይሠራም ነበር።

የካናዳው እንዴት እንደሆነ በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ሦስቱ ሰዎች በረዶ ላይ መኪናቸውን አቁመው ጎሕ ሲቀድ ሕንፃው በር ላይ ደረሱ። የሕንፃው ዋና በር በቁጥር ነው የሚከፈተው። ከታች ደወል ተጭነህ በድምፅ ማጉያው ታናግረዋለህ፣ እሱ ከላይ ይከፍትልሃል። ደወሉለት። ወንድሜ ከእንቅልፉ ተነሥቶ «ማነው?» አለ።

«እኛ ነን። ክፈት።»

«ምን ሆናችሁ በዚህ ሰዓት?»

«ምንም አልሆንን። ክፈት ብቻ።»

በድምፅ ማጉያ መርዶ እንዴት ይነገራል። ዝም አሉ። የእነሱ ዝም ማለት ወንድሜን አስፈራው። የበሩን መክፈቻ መጫን ትቶ በነጠላ ጫማ በደረጃ ሮጦ ወረደ። በዚህ መሐል አንድ የሕንፃው ነዋሪ ወደ ሥራ ሊሄድ ከውስጥ ወጣ። ሦስቱ ሰዎች ሊገቡ ሲሉ በትሕትና ፈገግ ብሎ ይቅርታ፣ ላስገባችሁ አልችልም አላቸውና በሩ ከኋላው በደንብ መዘጋቱን አረጋግጦ ሄደ። ወንድሜ ሲወጣ ሦስቱን በነጭ ልብስ በረዶው ላይ ቆመው አያቸው። ከዚያ በኋላ ከሟቹ ስም በቀር መናገር አላስፈለጋቸውም።

ወንድሜ መኪና ማቆሚያው ላይ ጮኸ። ሰዎቹ ያዙት። መስኮቶች ተከፈቱ፣ መብራቶች በሩ። ትንሽ ቆይቶ ፖሊስ መጣ፤ አንድ ሰው ሦስት ሰዎች አንዱን እየደበደቡት ነው ብሎ ደውሎ ነበር። አንዷ ፖሊስ ወንድሜን ለብቻው ወስዳ «ደህና ነህ? እነዚህን ሰዎች ታውቃቸዋለህ?» አለችው። «ወንድሜ ሞቷል» አላት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። በደረሰብህ ሐዘን አዝናለሁ አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ነበር የሚለው አለኝ፤ አለቃው፣ የሕንፃው ጠባቂ፣ ሱቅ ውስጥ ያለችው ልጅ። ቃል በቃል ያው ነው። «መጀመሪያ ተናደድኩ» አለኝ። «በኋላ ግን እኛስ አላህ ጽናቱን ይስጥህ ስንል ሁላችንም አንድ ዓይነት አይደለን ብዬ ተውኩት።»

ደሴ ያኔ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ቅዳሜ። የቢስቲማው ሰው ተረድቷል ብሎ ደወለልን። እናቴ አልሐምዱሊላህ አለች፣ ብቻውን አልሰማም ብላ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጠራ። እህቴ ነበረች።

«አታንሣው» አለ አጎቴ።

ጠርቶ ቆመ። የእናቴ ስልክ ጠራ። እሱንም አላነሣንም። ከዚያ የሟቹን ሞከረች፤ የእሱ ስልክ አደጋው ላይ ነበር የተሰበረው። እንደገና የእኔ። በኋላ እንደ ነገረችኝ መጀመሪያ የደወለችው ለካናዳው ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ሰዎቹ ስልኩን ወስደውበት ነበር፤ ለእሷ እንዳይነግራት። ስልካችን እየጠራ ማንም አለማንሣቱ ነገራት። እኛ ዝም ያልነው እንዳትሰማ ብለን ነበር።

ከዚያ ስልኩ ጸጥ አለ። እናቴ ስልኩን እያየች ነበር። ሲጠራ ከነበረው ይልቅ ጸጥ ማለቱ ከበደኝ። አጎቴን፣ ለደጋኑ ልጅ ዛሬ ማታውኑ ተሳፈር ልበለው? አልኩት። ደወልን፤ ሥራ ላይ ስለሆነ አያነሣም። እናቴ ተነሥታ ቆመች። የት እንደምትሄድ ግን አላወቀችም። «ብቻዋን ናት» አለች። «አሁን ብቻዋን ናት።»

መግሪብ ተሰግዶ ሰዎቹ ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ በቪዲዮ ደወለች። አጎቴ ወደ እኔ አየ። ከዚያ በአገጩ አንሣ አለኝ።

መጀመሪያ ያየሁት የማላውቀው ወጥ ቤት ነው። የእህቴን ክፍል አውቀዋለሁ፤ ነጭ ግድግዳና የልብስ ሳጥን ነው። ይሄኛው አበባ ያለበት መጋረጃ አለው። እህቴ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። ከጎኗ አንዲት በጣም ያረጀች ፈረንጅ አለች፤ ፀጉሯ ነጭ፣ ሹራብ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች።

«ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ሴትዮ ናት» አለች እህቴ። ድምጿ ቀስ ያለ ነበር። «አንኳኳሁባት። ብቻዬን አይደለሁም። ንገሩኝ።»

እኔ ስልኩን ወደ እናቴ አዞርኩት። እናቴ በሕይወት መኖሯን ታይ ብዬ ነው። እህቴ አየቻት። ከዚያ «ሌላውን አሳየኝ» አለች። አጎቴን አሳየኋት። ሴቶቹን። ድንኳኑን። ከዚያ በላይ የማሳያት ሰው አልነበረኝም።

ሊነግራት የሚገባው አጎቴ ነበር። ስልኩን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊቱ አቀረበው፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ኢና ሊላሂ ከማለት በላይ አልሆነለትም። በየሰው በር ላይ ሲያረዳ የኖረ ሰው ነው። በኋላ እንዳለኝ እጁን የሚያሳርፍበት ትከሻ አጣ። መልሶ ሰጠኝ።

«ሐሙስ ነው፣ እታለም» አልኳት። «ሐረጎ ላይ።»

ሌላ ቃል አልተናገርኩም። ሞተ የሚለውን እስካሁን ለእሷ ብዬ አላውቅም።

«ቀበራችሁት?»

«አዎ። ትናንት።»

እጅጌዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እታለም፣ ድምፅሽ አይመጣም» አልኩ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ከጀርባዋ የግድግዳው ሰዓት ሲመታ ይሰማኛል።

አሮጊቷ አንዳች ነገር ጠየቀቻት። እህቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ መለሰች። አሮጊቷ ምንም አላለችም። አዝናለሁ እንኳ አላለችም፤ እህቴን በኋላ ጠይቄያታለሁ። ተነሥታ ውኃ ቀድታ አስቀመጠችላትና ወንበሯን አስጠጋች። እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ቀረች። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ለአሮጊቷ በአማርኛ ትናገር ጀመር። «ያዥልኝ። አደራ፣ ልጄን ያዥልኝ። ዛሬ ብቻዋን አታሳድሪያት።» እህቴ አልተረጎመችውም። ሴትዮዋ ግን ወደ ስልኩ እያየች ራሷን በእሺታ ትነቀንቅ ነበር።

የደጋኑ ልጅ በማግሥቱ ሳይደውል ሄዶ ደወሏን ተጫነ። ከፈተችለት። ከእሱ በፊት መስማቷን ሲያውቅ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ፓስታ ቀቅሎላት በማታው ባቡር ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሁለቱም በስልክ ነገሩኝ። ሟቹ ስለሌለ እሑድ እሑድ ስልኩን ደግፌ የማቆመው እኔ ነኝ። ሁለቱን አገሮች አሁንም ማወዳደራቸው አልቀረም፣ ግን ማንም አይስቅም።

ካናዳ ቤቱ በሰው ተሞላ። ሐበሻው በትሪ ምግብ እየያዘ ይመጣል፣ መስጊድ ዱዓ ተደረገ። ፋብሪካ ውስጥ የማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ የፈረሙበት ካርድ ሰጡት፣ አለቃው አቀፈው። ካቀፈው በኋላ በጣም ደግ በሆነ ድምፅ መቼ እንደሚመለስ ጠየቀው። ሳምንት ሳይሞላው ማሽኑ ፊት ቆመ። ሊጠይቀው የሚመጣው ሰው ሥራ ላይ ስለሆነ አያገኘውም፣ ምግቡን ጎረቤት በር ላይ ትቶለት ይሄዳል።

እህቴ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ብዙም አልጠየቃት። ወንድሜ ሞተ ስትለው ለሳምንታት ከሥራ እንድታርፍ ጻፈላት። አለቃዋ አላቀፈቻትም፤ ስትችዪ ተመለሺ አለቻት፣ ደግማም አልደወለችም። ፊትሽ ገርጥቷል ያለቻት ባልደረባዋ ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ለአንድ ሰዓት ልምጣ ወይ ብላ ጻፈችላት። በዘጠኝ ሰዓት ኬክ ይዛ መጣች፣ ስልኳን አጥፍታ ስለ ሟቹ ጠየቀቻት፣ ምን ይወድ ነበር፣ ምን ያስቀው ነበር እያለች፣ በዐሥር ሰዓት ሄደች። እህቴ እንደዚያ የሰማኝ ሰው የለም ትላለች። ከረቡዕ እስከ ሌላው ረቡዕ ግን በሯን የነካ የለም። አሮጊቷም ብትሆን ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃ ላይ ስታገኛት እጇን ይዛ ትቆማለች እንጂ አልመጣችም። እንዳትረብሻት ብላ ይሆናል። እህቴም እንዳትረብሻት ብላ አልሄደችም።

የትኛው እንደሚሻል እናቴ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ካናዳ ሰው አለ፣ የሚቀመጥበት ጊዜ የለም፤ ጀርመን ጊዜ አለ፣ የሚቀመጥ የለም ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን እንደዚህም ብቻ አይደለም። ፖሊሷ አለች፣ ባልደረባዋ አለች። ለእናቴ ያን ሁሉ ማስረዳት አልቻልኩም። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው። ልጇ ብቻዋን አልሰማችም። ለሚመጣው ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ይህን ትናገር ነበር። አንዲት አሮጊት ይዛልኛለች ትላለች።

የካናዳው የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀ መምጣት አልቻለም። እህቴ የዓመት ዕረፍቷ አስቀድሞ የተያዘው ለሰኔ ስለነበር ሰኔ ላይ መጣች። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ከስታለች። ሐረጎን ስንወጣ ጉም ነበር። «የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። በእጄ አሳየኋት። ሾፌሩ ሊያቆም ሲል አይ አለችው፣ ሰው ከኋላ እየመጣ ነው፣ መንገድ አንዝጋ።

እኛ ጋ ከሩቅ የመጣ ልጅ ለቅሶ ሳይደርስ ከቆየ፣ ሲገባ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል። የሰፈሩ ሴት በሙሉ ከጧት ጀምሮ እናቴ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ይጠብቃት ነበር። አጎቴ በዲናችን እዬዬ አይወደድም ብሎ ሁልጊዜ ይቆጣል፤ የዚያን ዕለት ግን መስጊድ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ፣ እንዲያለቅሱ ትቷቸው።

ከመኪናው ስትወርድ ሴቶቹ ጀመሩ። በልማዱ ቀጥላ ከሩቅ የመጣችው ልጅ ድምፅዋን ታወጣለች፣ እሷ የሟቹን ነገር እያነሣች ስታለቅስ ሌሎቹ ይቀበሏታል። እህቴ በሩ ላይ ቆመች። እጅጌዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ጠበቁ። እናቴ መጥታ እጇን ከአፏ ላይ ያዘችው።

«ጩኺ ልጄ። ይውጣልሽ።»

«እሺ እማዬ።»

«ማንም አይቆጣሽም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። «አልወጣ አለኝ።»

እናቴ እጇን ይዛ ቆየች። ከዚያ በዝግታ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ «ያኔ ሴትዮዋ ጋ አላለቀስሽም?» አለቻት።

«ይረብሻታል ብዬ ተውኩት።»

«ቤትሽስ ስትገቢ?»

«እዚያም ግድግዳው ስስ ነው፣ እማዬ» አለች።

እናቴ ወደ ውስጥ አስገብታ ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት። ሴቶቹ ትንሽ ተቀመጡ። አንዷ ልታስጀምራት የወንድሜን ስም ጠርታ አለቀሰች፣ ተከታይ ሲጠፋ እሷም ዝም አለች። አላህ ያጽናሽ እያሉ አንድ በአንድ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ገና ረፋዱ ነበር፣ የሚሠሩት ሥራ አላቸው። እናቴ እህቴ አጠገብ እንደ ተቀመጠች ቀረች። ከዚያ ወዲህ የአሮጊቷን ነገር ለሰው ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።